ነጋድራስ ነበሩ ወይስ ባልደራስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። 27 ዓመቴ ነው። ጥያቄዬ ስለ ቅድመ አያቴ ነው። የእናቴ እናት በ2014 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። አባታቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ «ጣሊያን የገባ ሰሞን ነው» ይሉን ነበር። እኚህ አባታቸው «በምኒልክ ጊዜ ድሬዳዋ የጉምሩክ ሚኒስትር ነበሩ» ይባላል። አጎቴ ለቅሶ ቤት በተቀመጠ ቁጥር ያነሳታል። አክስቴ ደግሞ «ምን ሚኒስትር፣ ዘበኛ ነው የነበረው» ትላለች። በዚህ የተነሳ ባለፈው ፋሲካ ተኮራርፈው እስካሁን አይነጋገሩም። እጃችን ላይ ያለው አንድ ፎቶግራፍና አንድ ምስጥ የበላው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ አይነበብም። ከላይ በኩል «…ድራስ» የምትል ቃል ትታያለች። አጎቴ «ይኸው፣ ነጋድራስ!» ይላል። የሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። እውነቱን የት ሄጄ ላግኝ?

የልጅ ልጅ ነኝ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ሁለቱን አስታርቂልኝ። የአጎትሽም የአክስትሽም ወሬ የወጣው ከአንድ አፍ ነው፤ ከአያትሽ። አንዱ ወደ ላይ ጎተተው፣ አንዷ ወደ ታች።

እኔም ያደግሁት እንዲህ ያለ ጠብ ባለበት ቤት ነው። የእኛ ቤት ወሬ «አያታችሁ የፖስታ ሚኒስትር ነበሩ» የሚል ነበር። ይህን የምትለው ትልቋ አክስቴ ናት፤ እትዬ ነው የምንላት። እትዬ ስትናገር ማንም አይከራከራትም። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ ለጓደኞቼ ነግሬ ነበር። መምህሩ «የትኛው ሚኒስትር?» ብለው ሲጠይቁኝ ስማቸውን ተናገርኩ። ትንሽ ፈገግ አሉና ዝም አሉ። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ከዚያ አድጌ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ፤ 28 ዓመት እዚያው ሠራሁ። አያቴ ሲሞቱ ልጆቻቸው በቤት ተካሰው እንደነበር አውቅ ነበር። አንድ ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ያንን ክስ ማሳደድ ጀመርኩ። መዝገቡ በቁጥሩ ቢፈለግ የለም። በአያቴ ስም ቢፈለግ የለም። በመጨረሻ በተከሳሿ ስም ተገኘ። ተከሳሿ እትዬ ነበረች!

አቧራውን አራግፌ ከፈትኩት። የሦስተኛው ምስክር ቃል እንዲህ ይላል፤ «ሟቹን አውቀዋለሁ። የፖስታ ሚኒስቴር ተላላኪ ነበር። ፖስታ በበቅሎ ጭኖ ሲሄድ አይቼዋለሁ።» ይኸው ነው። ሚኒስቴርና ሚኒስትር። መሥሪያ ቤቱና ሰውየው። ዛሬም ዜና አንባቢዎች ሳይቀሩ ያምታቷቸዋል፤ እትዬ ብታምታታቸው ምን ይገርማል? አያቴ «ሚኒስቴር ነው የምሠራው» ሳይሉ አይቀሩም። ቤቱ ውስጥ 30 ዓመት ሲብላላ ሚኒስትር ሆኑ። ለእትዬ ሳነብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ጸሐፊው ነው የተሳሳተው። የመዝገብ ቤት ሰው መቼ ልክ ጽፎ ያውቃል!» አለችኝ። ለእኔ ነው እንግዲህ። አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ይህን ያወራሁልሽ አለምክንያት አይደለም። የቤተሰብ ወሬ ማዕረጉን ያሳድጋል፤ ቦታውን ግን ብዙ ጊዜ አይስትም። አያቴ ሚኒስትር አልነበሩም፤ ፖስታ ግን እውነት ነበር። ባንቺም ቤት ቢሆን «ሚኒስትር» የምትለውን ለጊዜው ተያት። «ድሬዳዋ» እና «ጉምሩክ» የሚሉትን ግን ያዣቸው።

ሚኒስትርነቱን በሁለት ደቂቃ እንጨርሰው። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውም የታወቀ ነው። ጦሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ገንዘቡ የበጅሮንድ ሙሉጌታ፣ ጽሕፈቱ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ ፍርዱ የአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበር። ንግድና የውጭ ጉዳይ ደግሞ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። «የጉምሩክ ሚኒስትር» የሚባል በመካከላቸው የለም። ቢኖርስ ድሬዳዋ ምን ይሠራል? ሚኒስትር የሚቀመጠው አዲስ አበባ፣ ንጉሡ አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ዘመኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የድሬዳዋ ጉምሩክ አልነበረም፤ ከተማዋም የባቡሩ ልጅ ናት። እንዲያውም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር፤ የጥንት ወረቀት ላይ ይህን ስም ካየሽ ሌላ አገር እንዳይመስልሽ። ምኒልክ ደግሞ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ በሕመም ተይዘው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለዚህ «በምኒልክ ጊዜ ድሬዳዋ» ማለት ከ1895 እስከ 1906 ብቻ ነው። 11 ዓመት።

አያትሽ የተወለዱት በ1922 ዓ.ም. ግድም ነው። አባታቸው ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር? ይህን ጠይቂ። አርባ ከነበሩ ምኒልክ ሲሞቱ ገና የ24 ዓመት ወጣት ናቸው፤ ጸሐፊ ወይም ተላላኪ ቢሆኑ እንጂ ሹም አይሆኑም። ስድሳ ከነበሩ ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር «በምኒልክ ጊዜ» የሚባለው ብዙ ጊዜ «በድሮ ጊዜ» ለማለት ነው። የኢያሱም የዘውዲቱም ዘመን እዚያው ውስጥ ይጨመራል። ስለዚህ ፍለጋሽን እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ ዘርጊው።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግማሽ ቀን ያሳለፍኩት በእርሷ ላይ ነው። ባለቤቴ «ምሳ ቀረበ» ብላ ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች።

«…ድራስ» ነጋድራስ ሊሆን ይችላል። አጎትሽ የዘነጋት ግን ሌላ አለች፤ ባልደራስ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው። ገበያውን የሚዳኝ፣ ቀረጡን የሚሰበስብ። ባልደራስ ደግሞ የፈረስና የበቅሎው ቤት ሹም ነው። አንዱ በ«ድራስ»፣ አንዱ በ«ደራስ» ነው የሚያልቁት፤ በደከመ ቀለም ላይ «ድ» እና «ደ» ይምታታሉ። አንዱ ጉምሩክ ያስገባሻል፣ አንዱ ጋጣ።

ቆይ ግን። ፎቶውን ኮምፒዩተር ላይ አሳድጌ፣ ደግሞ በማጉያ መነጽር አየሁት። ያቺ ፊደል «ራ» ናት ወይስ «ረ»? በእጅ ጽሑፍ ልዩነታቸው የእግራቸው አጣጣል ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ወረቀቱ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ቀለሙን በልቶታል። እኔን የመሰለኝ «ረ» ነው። ከ«ስ» ቀጥሎ ደግሞ ምስጡ ሳይጨርሳት የቀረች የአንድ ፊደል ራስ አለች። «ከ» ትመስለኛለች። እንግዲህ አንብቢው፤ «…ድረስ ከ…»።

«ይድረስ ከ»!

የዚያ ዘመን ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ከላይ የላኪው ስምና ማዕረግ ይቀድማል። የምኒልክ ከሆነ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብሎ ይነሣል። ቀጥሎ «ይድረስ ከ» ይልና የተቀባዩ ስም ይመጣል። ልብ በይ፣ ይህች «ከ» የዛሬዋ «ከ» አይደለችም። የዛሬ ሰው ሲያነባት ላኪው ይመስለዋል። እዚህ ግን «ለ» ማለት ናት። «ይድረስ ከእገሌ» ማለት ለእገሌ ይድረስ ነው። ስንት ቤተሰብ በዚህች በአንዲት ፊደል አያቱን ደብዳቤ ጸሐፊ አድርጎ እንደኖረ ብነግርሽ!

አጎትሽ እንዳያዝን። ነጋድራስነቱ ቢጠፋም ሌላ ነገር አግኝተናል። ወረቀቷ ደብዳቤ ናት። ማኅተም ያለው ሰው ነው የጻፋት። እቤታችሁ ከቆየች ደግሞ የተጻፈችው ለቅድመ አያትሽ ሳይሆን አይቀርም። ባለ ማኅተም ሰው ለማንም ተራ ዘበኛ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም። እዚህ ላይ አክስትሽም ትንሽ ታስብበት።

አሁን ሁለተኛውን መስመር ፈትሺልኝ። ሰላምታው «እንዴት ሰንብተሃል» ነው የሚለው ወይስ «እንዴት ሰነበቱ»? በ«አንተ» ከሆነ ጸሐፊው የበላያቸው ነው፤ አለቃቸው ማለት ነው። በ«እርስዎ» ከሆነ እኩያ ወይም የበታች ነው። የማዕረጉ ስም ቢጠፋም ይህ ደረጃቸውን ይነግርሻል። ከሥር ደግሞ ቀኑ አለ። የግዕዝ ቁጥር ከሆነ ፮ እና ፯ን አትቸኩይባቸው፤ በደከመ ቀለም ላይ መንታ ናቸው።

ማኅተሙን ለማንበብ አንድ ዘዴ አለ። መብራቱን ከላይ አታብሪበት። ክፍሉን አጨልመሽ የስልክሽን መብራት ከወረቀቱ ጎን፣ ዝቅ አድርገሽ ያዢው። በሌላ ስልክ አንሺ። ማኅተሙ የተጫነበት ቦታ ጥላ ይሠራል። ከአራቱም አቅጣጫ አድርጊው፤ አንዱ ጎን ያልሰጠሽን ሌላው ይሰጥሻል። በማኅተም ላይ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ስምና ማዕረግ አለ። ይህች አንዲት ስም ከተገኘች ሥራሽ ተጋመሰ።

እባክሽን ደግሞ ላሚኔት እንዳታስደርጊው። ስኮች እንዳትለጥፊበት። «እንዳይበላሽ» ተብሎ በፕላስቲክ የታሸገ ስንት ውብ ወረቀት ሲሞት አይቻለሁ! ሙቀቱ ቀለሙን ይጨርሰዋል፤ በኋላ መፍታት የለም። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አድርገሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ምስጡ ከነበረበት ሣጥን ግን አውጪው፤ ምስጥ ውለታ አያውቅም።

ፎቶግራፉ ላይ ብዙ አልናገርም። ካባውን አይተሽ ማዕረግ አትገምቺ፤ ሰው ፎቶ ሲነሣ ካባ ይዋሳል። ጀርባውን ግን ገልብጪው። የፎቶ ቤት ማኅተም ሊኖር ይችላል። በዚያን ጊዜ እንደ ቦያጂያን ያሉ አርመኖች ነበሩ የታወቁት ፎቶ አንሺዎች። የፎቶ ቤቱ ስም ዘመኑንና ከተማውን ይጠቁምሻል።

ወደ ጉምሩኩ ልመለስ። የድሬዳዋ ነጋድራሶች የታወቁ ሰዎች ናቸው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እዚያ ሠርተዋል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም እንዲሁ። ስለ አለቃው ብዙ ተጽፏል። ከአለቃው ሥር ግን ጸሐፊ አለ፣ ሚዛን የሚይዝ አለ፣ መጋዘን የሚጠብቅ አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ኬላ ጠባቂ አለ። ቅድመ አያትሽ ከነዚህ አንዱ ቢሆኑ የመንግሥት ሰው ናቸው፤ አጎትሽ አልዋሸም። ኬላ ጠባቂ ቢሆኑ ደግሞ ጠመንጃ ይይዛሉ፣ በር ላይ ይቆማሉ። ለልጅ ዓይን ይህ ዘበኛ ነው፤ አክስትሽም አልዋሸችም።

ሁለት መንገዶች ግን ክፍት ተዪ። አንደኛ፣ «ነጋድራስ» መጀመሪያ የመንግሥት ሹመት ሳይሆን የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ስም ነው። በቅሎ አስጭኖ የሚጓዝ ሀብታም ነጋዴም ነጋድራስ ይባል ነበር። ሁለተኛ፣ ባቡሩ የመንግሥት አልነበረም፤ የፈረንሳዮች ኩባንያ ነው። ጣቢያው ውስጥ ዕቃ የሚቆጣጠር ሰው በቤተሰቡ ዘንድ «ጉምሩክ» ቢባል አይደንቅም። ያኔ ማስረጃው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የሠራተኛ ማኅደር እንዳትፈልጊ። በዚያን ዘመን ብዙው ሹም በወር ደመወዝ አይኖርም፤ ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል ወይም ከሚሰበስበው ይደርሰዋል። የደመወዝ መዝገብ ከሌለ ፊርማ የለም፣ ፊርማ ከሌለ ማኅደር የለም። የነበረውም ቢሆን ክፉ ቀን አይቷል። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከተነሡ ጀምሮ ጣሊያን ሚያዝያ 27 እስኪገባ ድረስ ከተማዋ ስትዘረፍና ስትቃጠል ነበር። ስንት ወረቀት በዚያ እሳት እንደሄደ አስቢው።

ታዲያ ምን ይቀራል? መሬትና ክስ። እኛ ሰዎች ደመወዛችንን ላንጽፍ እንችላለን፤ መሬት ላይ ግን ተካሰን እንሞታለን። ቅድመ አያትሽ ሲሞቱ ርስት ወይም ቤት ትተው ነበር? ልጆቹ ተካሰው ነበር? ክስ ካለ ምስክር አለ፤ ምስክር ካለ «ሟቹ የምን ሰው ነበር» የሚል ጥያቄ አለ። መዝገቡን በሟቹ ስም ብቻ እንዳትፈልጊ፤ የእኔን ታሪክ አስታውሺ። በከሳሽም በተከሳሽም ስም ፈልጊ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙ ቤተሰብ የድሮ ካርታውንና ውርሱን አውጥቶ ነበር። ከአጎትሽ ትራንክ ሥር አንድ ቅጂ ቢገኝ አይገርመኝም።

ወደ መዛግብት ስትሄጂ ስማቸውን በደንብ አዘጋጅተሽ ሂጂ። እነሱን የሚያስቸግራቸውና አንቺን ደክመሽ የሚመልስሽ ስም ነው። የአባታቸውን፣ ከቻልሽ የአያታቸውንም ስም ያዢ። የክርስትና ስማቸውን ከቄሱ ወይም ከተዝካር ከሚያስታውስ ሰው ጠይቂ። የፈረስ ስም ከነበራቸው፣ «አባ እንዲህ» የሚባሉ ከሆነ፣ ወርቅ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ጽሑፍ ላይ የሚገኘው በፈረስ ስሙ ብቻ ነው። ከዚያ ፊደሉን ሁሉ ሞክሪ። ኃይለ፣ ኀይለ፣ ሐይለ፣ ሀይለ፤ ዓለሙ፣ አለሙ፤ ሥላሴ፣ ስላሴ። ደግሞ «ገ/» እና «ወ/» ብለው ያሳጠሩት አለ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከሆነ «ገ/ሥላሴ» እና «ገብረ ሥላሴ» ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ታገኛቸዋለሽ።

መጀመሪያ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። ከምትሠሪበት ወይም ከምትማሪበት ቦታ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ብትሄጂ ይቀልሻል። ስትገቢ «ቅድመ አያቴን ፈልጉልኝ» አትበይ። መዛግብት የሚቀመጡት በመሥሪያ ቤትና በዘመን ነው፤ በሰው ስም አይደለም። «ከ1895 እስከ 1928 ባለው ጊዜ የድሬዳዋ ጉምሩክ ወይም የነጋድራስ ደብዳቤዎች አሉ?» በይ። ሰውየውን ተዪና መሥሪያ ቤቱን ተከተዪ። እኔ በ28 ዓመት የተማርኳት ትልቅ ነገር ብትኖር ይህች ናት። ባለጉዳዩ ስም ይዞ ይመጣል፣ መዝገቡ ግን በቁጥርና በቢሮ ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። እዚያ የድሮ ጋዜጦች አሉ። አንቺን የሚጠቅምሽ «ብርሃንና ሰላም» ነው። በ1917 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ወረራው ድረስ ወጥቷል። ገጽ በገጽ መገልበጥ አሰልቺ ነው፤ ሻይ ጠጥተሽ ግቢ። ስለ ማዕረጎቹ ትርጉም ግራ ሲገባሽ ደግሞ «ዝክረ ነገር»ን ጠይቂ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ነው። የጥንቱን የአስተዳደር ሥርዓት፣ የመሬቱን፣ የግብሩን ነገር ሰብስበውበታል። ቅድመ አያትሽን በስም ላታገኚ ትችያለሽ። የሥራቸውን ዓይነት ግን ታውቂያለሽ።

ፈረንሳይ አገር ዘመድ አለሽ? ካለሽ አንድ ነገር እዘዢው። የፈረንሳይ የዲፕሎማሲ መዛግብት ናንት ከተማ ነው ያሉት፤ ኤምባሲዎቻቸውና ቆንስላዎቻቸው የተዉት ወረቀት እዚያ ነው የሚገባው። የጅቡቲ የቅኝ ግዛት ወረቀት ደግሞ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ነው። ጅቡቲና ድሬዳዋ በአንድ ሐዲድ የተሳሰሩ ናቸው፤ ስለ ጉምሩኩ ያልተጻጻፉበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ብቻ ዘመድሽ ሁለት ነገር ይወቅ። ፈረንሳዮች «ወልደ»ን ብዙ ጊዜ በ«ኦ» ፊደል ነው የሚጀምሩት፤ እንግሊዞች እንደሚያደርጉት በ«ደብልዩ» ሥር ብቻ ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል። ሁለተኛው የዘመን ቁጥር ነው። ከመስከረም እስከ የእነሱ ታኅሣሥ መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው የሚቀነሰው።

ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት አክስትሽ ጋ ሂጂ። ለቅሶ ቤት አይደለም፣ ብቻዋን፣ ቡና ተፈልቶ። ስልክሽን አስፈቅደሽ ቅጂያት። «ምን ነበሩ?» አትበያት፤ መልሱን እናውቀዋለን። «አያቴ ስለ አባቷ ስታወራ ምን ይዞ ይወጣ ነበር ትል ነበር?» በያት። ቁልፍ ከሆነ መጋዘን ነው። ሚዛን ከሆነ ሚዛን ነው። ብዕርና ቀለም ከሆነ ጸሐፊ ነው። ጠመንጃ ከሆነ… እሱን ለአጎትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪው።

የማኅተሙን ፎቶ በጎን መብራት አንሥተሽ ላኪልኝ። ስድስት ወር ቢፈጅም እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ61 ዓመት ሰው ነኝ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ጸሐፊ ነበሩ ይባላል። በ1963 ዓ.ም. ሞቱ፤ እኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴም አሁን የሉም። እዚህ ሆኜ ማረጋገጥ እችላለሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ይቀላል። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ የወጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። አባትዎ ያረፉት ከዚያ በኋላ ነው። እናትዎ በየወሩ ሄደው የሚቀበሉት ገንዘብ ነበር? ካለ የጡረታ ማኅደር አለ ማለት ነው። የተቀጠሩበት ዘመን፣ የሥራ መደባቸው፣ ደመወዛቸው እዚያ ውስጥ መኖር አለበት። የእናትዎን የድሮ ቦርሳ ይፈትሹ፤ አንዲት የጡረታ መታወቂያ ከነቁጥሯ ከተገኘች ነገሩ አለቀ። እዚህ ላለ ዘመድ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ በኩል ውክልና ይላኩ፤ ያለ ውክልና ማንም ማኅደር አይከፍትለትም።

«ጸሐፊ» የምትለውን ግን ይጠንቀቁባት። ደብዳቤ የሚጽፈውም ጸሐፊ ነው፣ ከፍ ያለ ሹምም «ዋና ጸሐፊ» ይባላል።

እስከዚያው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቅርብዎ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን ሕንፃ ውስጥ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል አለ፤ የአማርኛ ስብስብ አላቸው። የ«አዲስ ዘመን» የድሮ ዕትሞችን ይጠይቁ፤ ጋዜጣው ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሹመትና ሽልማት ሲያትም የኖረ ነው። የአንባቢ ካርዱ በነፃ ነው። መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ፣ መነጽርዎንም አይርሱ፤ የድሮ ጋዜጣ ፊደሉ ደቃቅ ነው።